ነጎድጓድን ያልተሳፈረችው ሙሽራ

ኤፕሪል 11፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር እህቴ ቴስ የገዛችልኝ ለሠርግ ዝግጅት ነው። ገጾቹ ላይ «አበባ»፣ «ኬክ»፣ «ማን የት ይቀመጣል» የሚል ታትሞባቸዋል። እኔ አሁን የምጽፈው «ኬክ» የሚለው ገጽ ላይ ነው። ኬኩን የዌንደል እናት ሎሬይን መርጣ ስለጨረሰች ገጹ ትርፍ ሆኗል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባት ሳምንቴ ነው። ዌንደል ያውቃል፣ ሎሬይን ታውቃለች፣ ቴስ ታውቃለች። ሌላው የከተማችን የቶሊዶ ሕዝብ ገና አልሰማም። ባወቅን በአራተኛው ቀን ዌንደል የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ኩሽና ውስጥ ቆሞ «እንጋባ እንዴ?» አለኝ። «እንጋባ» አልኩት። ሾርባው ሊገነፍል ስለነበር እሳቱን ቀነስኩ። ሦስት ዓመት አብረን ኖረን ነገሩ ያለቀው በዚህ ነው።

ሠርጉ ሜይ 18 ነው። ጫጉላው ፍሎሪዳ፣ ላንተርን ኮቭ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ፣ እዚያው ግቢው ባለው ሆቴል። የሎሬይን ስጦታ ነው። ይህ ቤተሰብ ለደስታም ለሐዘንም የሚሄደው እዚያ ነው።

ኤፕሪል 14፣ እሑድ

ምሳ ሎሬይን ቤት። ወደ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ፎቶ ከታች እስከ ላይ ተደርድሯል። የሠርግ አይደለም፣ የምረቃም አይደለም። ሁሉም የተነሱት ነጎድጓድ በሚባለው የፓርኩ ባቡር ላይ ነው። ባቡሩ ከጫፍ ወደ ታች ሲወረወር አንድ የተደበቀ ካሜራ ያነሳቸዋል። ስለዚህ የዌንደል ዘመድ በሙሉ ፀጉሩ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ደረጃውን ሙሉ ይጮኻል። እኔ ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ነኝና ሌላ ነገር አይታየኝም። አጎቱ ሁለት መንጋጋ የለውም።

ፎቶው ያልተሰቀለ ሰው የቤቱ ሰው አይባልም። አንድ የአክስቱ ባል ከፍታ ስለሚፈራ አልሳፈርም ብሎ፣ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ «እንግዳው» ሲባል ኖሯል። ይህንን እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

ከዌንደል ፎቶ ጎን ባዶ ፍሬም ተሰቅሏል። የእኔ ነው።

«ነፍሰ ጡር አይሳፈርበትም፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ነው» አለችኝ ሎሬይን ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች። «ፍሬሙ የትም አይሄድም።»

ደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን መኪና ውስጥ ገብቼም ባዶው ፍሬም ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ኤፕሪል 16፣ ማክሰኞ

ከቴስ ጋር በስልክ ስንስቅ አመሸን። «ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?» ብትለኝ «ከዚህ ሆድ ጋር ምን ምርጫ አለኝ? ያገኙትን ይዞ መጋባት ነው እንጂ» አልኳት። ሳቋ እስኪያፍናት ሳቀች። ዘወር ስል ዌንደል መፍቻ ይዞ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። «ሰላም በያት» ብሎኝ ተመለሰ።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪናውን አጠበ። ዝናብ ይመጣል ብሎ ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ሲለፈልፍ ነበር። ከወንድና ከመኪናው መሀል መግባት ትርፉ ድካም ነው፣ ተውኩት።

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

ደም። ትንሽ። ሳንቲም የምታህል።

ሐኪሜ ዘንድ ደወልኩ። ነርሷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሴት እንዲህ ታያለች፣ ሰኞ ነይ አለችኝ።

ለዌንደል አልነገርኩትም። ሥራው የአየር ማቀዝቀዣ መግጠም ነው፤ የሰው ቤት ጣራ ላይ ወጥቷል። ጣራ ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ኤፕሪል 22፣ ሰኞ

ልቡ ይመታል። በዓይኔ አየሁት። ሩዝ የምታህል ነገር ውስጥ ብልጭ፣ ብልጭ።

ሐኪሟ «ከጎኑ የረጋ ደም አለ» አለችኝ። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ግን አይጠፋም። ከባድ አታንሺ፣ ሲደክምሽ አረፍ በይ፣ ደሙ ከበዛ ደውዪ። ስለ ጉዞው ስጠይቃት «ሂጂ፣ ግን እንደ ልብሽ ተቀመጪ» አለች። ለመቀመጥ ብሎ ላንተርን ኮቭ የሚሄድ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እራት ላይ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ። ሹካውን አስቀመጠና «ኮሪ፣ ከፈለግሽ እኮ ሠርጉን ልናዘገየው እንችላለን። ማንም አያስገድድሽም» አለ። ይህን ሲል የሚያየው ሳህኑን ነው።

እንዲህ የሚል ሰው ራሱ መዘግየት የፈለገ ሰው ነው። «አዳራሹ ተይዟል» አልኩት። «እሺ» አለና ሳህኖቹን አነሳ። የደሙን ነገር ሳልነግረው ቀረሁ።

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሴቶቹ ሎሬይን ቤት ለእኔ ለሙሽራዋ ስጦታ ይዘው ተሰበሰቡ። ሳንድዊች፣ ፊኛ፣ የማላውቀው ጨዋታ።

ደም መኖር አለመኖሩን ለማየት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። ሎሬይን ኩሽና ውስጥ ለእህቷ ስታወራ ሰማሁ።

«ዌንደል ኃላፊነቱን ጥሎ የሚሸሽ ልጅ አይደለም፣ በዚህ እኮራበታለሁ። ልጁ ባይመጣ ኖሮ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ገና አምስት ዓመት ይቀመጥ ነበር።»

እህቷ ሳቀች። እኔ እጄን ታጠብኩ። ወጥቼ ስጦታ ከፈትኩ። ሦስት የዳቦ መጥበሻ ነው የመጣልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እንዴት አወቃችሁ?» ብያለሁ።

ደሙ የለም። ቢመጣስ? ልጁ ካልቀረልኝ ዌንደልን እቤት የሚያስቀምጠው ምንድን ነው? እኔ ነኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አልጠየቀኝም።

ሜይ 3፣ ዓርብ

ደም የለም። አሥራ ሦስተኛ ቀን። እየቆጠርኩ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም።

ሜይ 7፣ ማክሰኞ

ዌንደል የፓርኩን ካርታ ፍሪጁ ላይ ለጥፏል። ሰልፉ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚያጥር፣ ምሳ የት እንደሆነ፣ ሁሉንም ጽፎታል። እሱ እንዲህ ነው፤ ለሽርሽርም የሥራ ትእዛዝ ያወጣል። ካርታው ላይ አሥራ ምናምን አረንጓዴ ነጥብ አለ።

«አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም።»

የምንሳፈርባቸው ይሆናሉ። የሚሳፈርባቸው ማለቴ ነው።

ሜይ 12፣ እሑድ

የእናቶች ቀን። ጠዋት ስነሳ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቢጫ አበባ ተቀምጧል። ካርድ የለውም። ለሎሬይን የገዛው መስሎኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤላት ሄድኩ። በጣም ደስ አላት። ዌንደል በመንገዱ ሁሉ መኪናውን እየነዳ ጋዜጣውን ደጋግሞ ያይ ነበር።

ማታ ትንሽ ቡናማ። ይህ ያረጀ ደም ነው ይላሉ።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

ተጋባን። ጫማው ያማል። ዌንደል ቃሉን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ሁሉም አለቀሰ። የደስታ ይሁን የሌላ እንጃ። ተኛሁ።

ሜይ 19፣ እሑድ፣ ላንተርን ኮቭ

ሆቴሉ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ለሁለታችን ሁለት ክብ ባጅ ሰጠችን። «አዲስ ተጋቢዎች ነን» ይላል፣ በሁለት ቀለበት መሀል። ይህን ያደረገ ሰው የትም ሲያልፍ ሠራተኛው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለዋል። ጠራጊው ሳይቀር።

«ሌላ የምታከብሩት ነገርስ አለ? ሌላም ባጅ አለን» አለች።

ዌንደል እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«የለም» አለ።

የለም አለ። እዚህ ቁጭ ብዬ ያንኑ ቃል እደጋግማለሁ። በእርግጥ ለሰው አንናገር ያልኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ቅር አለኝ።

ሜይ 20፣ ሰኞ

ሙቀቱ አይጣል ነው። አሥራ ስምንት ሺህ እርምጃ፣ የእጅ ሰዓቴ እንዳለው። ዌንደል በየመንገዱ «እዚህ አረፍ እንበል» ይላል። ትንሽ ሄደን ደግሞ እንደዚያው። እኔ ደግሞ «አልደከመኝም» እላለሁ። የታመመች ሚስት ይዞ ዞረ እንዲባል አልፈልግም። ገና ሁለት ቀኔ ነው።

ነጎድጓድ ጋ ለማይሳፈሩ ሰዎች የተሠራ ጥላ አለ። ሕፃን ያቀፉ፣ ጀርባቸውን የሚያማቸው፣ እንደ እኔ ያሉ። ዌንደልን «ሂድ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ የምትወደው ነው» ብዬ ገፍቼ ላክሁትና እዚያ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ኦፓል የምትባል ሰባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ ነበረች፤ ከጆርጂያ። የዘጠኝ ሰው ቦርሳ ከብቧታል።

«እኔ የቤተሰቡ ቁም ሳጥን ነኝ» አለችኝ። «ስንት ወርሽ ነው?»

«ምኑ?»

«አንቺ ልጅ፣ አምስት ወልጃለሁ። ከመጣሽ ጀምሮ እጅሽን ከሆድሽ ላይ አላነሳሽም።»

ነገርኳት። ለማላውቃት ሴትዮ ከሠርጌ እንግዶች ቀድሜ ነገርኳት። የደሙን ግን አልነገርኳትም።

ዌንደል ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። «እንዴት ነበር?» «ጥሩ ነው።» «ፎቶውስ?» «አላማረም፣ ተውኩት።»

ሜይ 21፣ ማክሰኞ

ደግሞ ነጎድጓድ። ደግሞ ኦፓል፣ ደግሞ ቦርሳዎቿ። ዌንደል ገባ። ትንሽ ቆይታ ኦፓል በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«ያ አጥሩ ጋ ቆሞ ወደዚህ የሚያየው ሰውዬ ያንቺ አይደለም?»

እሱ ነው። ሰልፉ ውስጥ የለም። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ባጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ቆሟል። ባቡሩ ሁለት ጊዜ ከላዩ ላይ ሲወርድ ቀና ብሎም አላየውም።

መጣና «ዛሬም ጥሩ ነበር» አለኝ።

ስለዚህ ዋሸኝ። ከእኔ ለሃያ ደቂቃ ለመለየት ሲል ነው የሚሄደው። አልፈርድበትም፤ አንድ ሰው ገና ካሁኑ ብቻውን መቆም ካማረው ምን ይደረጋል? ኦፓል «ደህና ሰው ይመስላል» አለች። አዎ፣ ደህና ሰው ነው። ችግሩ ይኸው ደህናነቱ ነው። ደህና ሰው ስለሆነ ነው ያገባኝ።

ሜይ 22፣ ረቡዕ

እግሬ አብጧል። ዌንደል አንድ ዛፍ ሥር ያለ ወንበር ላይ በግድ አስቀመጠኝ፣ ጫማዬን አውልቆ እግሬን ጭኑ ላይ አደረገው። የፓርኩ ፎቶ አንሺ ሲያልፍ ባጁን አየና አነሳን። ላብ በላብ ነኝ፣ ፀጉሬ የሰው አይመስልም።

«ደስ ብሎሻል?» አለኝ ዌንደል። ከሠርጉ በፊት ጀምሮ በቀን አራት ጊዜ ይጠይቀኛል።

«አንተስ?»

«እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

«ብሎኛል።»

ከዚያ አይስክሬም ገዛልኝ። ወገቤን ይቆርጠኛል።

ሜይ 23፣ ሐሙስ

ከሆስፒታል ተመልሰን ሆቴል። ዌንደል ሻንጣ እያዘጋጀ ነው። ሁሉንም ልጻፈው፤ አንዱም እንዳይጠፋኝ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ትንንሾቹ ጀልባዎች ጋ፣ ሞቅ ያለ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ብዙ ነበር። ነጭ ቁምጣ ነው የለበስኩት። ዌንደል ሸሚዙን አውልቆ ወገቤ ላይ አሰረልኝና፣ ከላይ በካናቴራ ብቻ ሆኖ፣ አቅፎ መውጫው ድረስ ወሰደኝ። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ሸሚዙ ላይ ያለውን ባጅ አይቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ዌንደል «እናመሰግናለን» አለው።

የድንገተኛ ክፍሉ ይበርዳል። አልትራሳውንድ የምታነሳዋ ሴትዮ እስክትመጣ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ከኤፕሪል ጀምሮ ደም ይታየኝ እንደነበር ያኔ ነው የነገርኩት።

«ከኤፕሪል ጀምሮ?» አለ። «ብቻሽን?»

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን ሳይ አንጀቴን በላኝ፤ ግን አንዴ አፌ ተከፍቷል፣ አልዘጋ አለኝ።

«ከሌለስ?» አልኩት። «ልጁ ከሌለ አንተ ምን ታደርጋለህ? ከእኔ ጋር ማለቴ ነው።»



«እኔም ልጠይቅሽ የነበረው ይህንኑ ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ምርጫ የለኝም ብለሻል። ለቴስ። ያገኙትን ይዞ መጋባት ነው ብለሻል። ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።»

ለትንሽ ጊዜ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። ከዚያ መኪናው ትዝ አለኝ። ዝናቡ ትዝ አለኝ።

«ዌንደል፣ ቀልድ እኮ ነው።»

«እኔም ቀልድ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። መኪናውን አጥቤ ጨርሼም አልለቀቀኝም። ሠርጉን እናዘግየው ያልኩሽ ለዚህ ነው። መውጫ ልስጥሽ ብዬ።»

«እኔ አንተ መውጫ የፈለግህ መስሎኝ ነበር።»

እናቱ ያለችውን ነገርኩት። «እማዬ የምታውቀው የአሥራ ስድስት ዓመቱን ዌንደል ነው» አለ። «የምጠይቅሽ ቀን አጥቼ ሦስት ዓመት ቆየሁ እንጂ ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ሰው ቤት ጣራ ላይ ሆኜ ስንቴ እንደተለማመድኩት ብታውቂ። ልጁ መጣና ቀኑን አገኘሁ። ደግሞ ሾርባ ላይ ጠየቅኩሽ። ምን ያለ ጅል ነኝ።»

«ነጎድጓድ ላይ ለምን አልተሳፈርክም?»

«አየሽኝ እንዴ?» አለ ጆሮው እየቀላ። «አንቺ እታች ተቀምጠሽ እኔ ልጮህ? አላሰኘኝም።»

«ካርታው ላይ ያለው አረንጓዴስ?»

«ጥላ ያለባቸው ወንበሮች ናቸው። ፓርኩን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ነው አንድ በአንድ ያገኘኋቸው። አንቺ ደግሞ አንዱም ላይ አልቀመጥ አልሽ።»

እየሳቅኩ ሳለቅስ ሴትዮዋ መሣሪያዋን እየገፋች ገባች። ልቡ ይመታል። የረጋው ደም ግን አድጓል፣ አሁን ከልጁ ይበልጣል። ሐኪሙ «ግማሽ በግማሽ» አለ። መሄዴ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መሄድሽ አይደለም አለኝ፤ አልጋ ላይ ብትውዪም ያው ይሆን ነበር። አሥራ ስምንት ሺህ እርምጃ መሆኑን አልነገርኩትም።

ሜይ 26፣ እሑድ፣ ቤት

ተኝቻለሁ። ዌንደል ሾርባ ሠራ። ገነፈለበት።

ጁን 1፣ ቅዳሜ

ደም የለም። ሦስት ቀን። አልቆጥርም ብዬ ቆጠርኩ። ዌንደል ማታ ማታ ሆዴን «እንዴት ዋልክ?» ይለዋል፤ ወንድ መሆኑን ማን እንደነገረው እንጃ።

ጁን 4፣ ማክሰኞ

ወረደ። አሥራ አራት ሳምንት ከአምስት ቀን።

ጁን 9፣ እሑድ

ምንም የምጽፈው የለኝም። «ማን የት ይቀመጣል» የሚለው ገጽ ላይ ነኝ።

ጁን 16፣ እሑድ

ዛሬ የአባቶች ቀን መሆኑን ያወቅኩት ከሬዲዮ ነው። ዌንደል ሬዲዮውን ዘጋው። ቢጫው አበባ ለማን እንደነበር አሁን ገና ገባኝ። የእኔን አበባ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሎሬይን ሰጠኋት።

ይህን ስነግረው «አበባ ነው፣ ሌላ ይገኛል» አለ። ከዚያ ወጥቶ ጓሮ ቆመ።

ጁን 20፣ ሐሙስ

ሎሬይን መጥታ ወሰደችኝ፣ «ለአምስት ደቂቃ» ብላ። ደረጃው ሥር ቆምን። ባዶው ፍሬም ባዶ አይደለም። የፓርኩ ፎቶ አንሺ ያነሳን ነው፤ ዛፉ ሥር፣ እግሬ የዌንደል ጭን ላይ፣ ፀጉሬ ያ ፀጉር።

«ይህ ነጎድጓድ አይደለም እኮ» አልኳት።

«ግድግዳው የእኔ ነው፣ ሕጉም የእኔ ነው። ደግሞም ልጄ አፉን ዘግቶ የተነሳበት ብቸኛ ፎቶ ነው።» ፍሬሙን አስተካከለችና «ዌንደል ኩሽና ውስጥ ያልኩትን እንደሰማሽ ነገረኝ። እኔ አፌ እንዲህ ነው። ማሪኝ አልልም፣ ግን አፍሬያለሁ» አለች።

አቀፍኳት። አልጠላኋትም። እዚያ ደረጃ ላይ ያ ሁሉ አፍ ተከፍቶ እያየኝ አለቀስኩ።

ጁን 27፣ ሐሙስ

ዌንደል ሆስፒታል ውስጥ ያለኝ ሁሉ ደስ የሚል ነበር። ግን ያኔ ልቡ ይመታ ነበር። ይህን ማሰብ አልተው አለኝ። ዌንደል በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመጣል፤ ሙቀቱ ስለበረታ የሁሉም ሰው ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል ይላል። እንነጋገር ስል ያዳምጣል፣ ግን ራሱ አይጀምርም።

እራት ላይ ነገሩን አበላሸሁት። «አሁን የሚያስገድድህ የለም» አልኩት። «ቴስ ጋ ልሂድ ብል፣ ወይም አንተ ብትል፣ ማንም በማንም አይፈርድም።»

ተነሳ፣ ወደ ጋራዡ ሄደ። ውሃው ሲከፈት ሰማሁ። መኪናውን እያጠበ ነው።

ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ሄጄ ባልዲውን መያዝ ነበረብኝ። አልሄድኩም። እኔም ፈሪ ነኝ።

ጁን 28፣ ዓርብ

ዌንደል ዛሬ ከሥራ ሲገባ ቱታው ላይ፣ ስሙ ከተጻፈበት በላይ፣ ክብ ነገር አየሁ። «አዲስ ተጋቢዎች ነን።»

«ቀኑን ሙሉ ይህን አድርገህ ነው የዋልከው?»

«ጠዋት ከሻንጣው ኪስ አውጥቼ ነው ያደረግኩት። አምስት ቤት ሠራሁ፣ አራቱ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። አምስተኛዋ ሴትዮ ማቀዝቀዣዋ እስኪሠራ ድረስ አላናገረችኝም፣ ከዚያ እሷም አለችኝ።» መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ኮሪ፣ ዛሬ ልጅ የለም። እማዬ አላለችም፣ አዳራሽ አልተያዘም። ማንም ምንም አላለኝም። ተነስቼ ራሴ አደረግኩት። ነገም አደርገዋለሁ። አንቺ ምን እንደምታደርጊ አላውቅም፤ እኔ ግን እነግርሻለሁ ብዬ መናገር አቃተኝና በዚህ መጣሁ።»

እስኪነጋ ስለ እኛ አወራን። ስለ ልጁም አወራን። ስም እንዳወጣለት ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፣ የሁለታችን ነው።

ጁላይ 1፣ ሰኞ

ዛሬ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ባጁን የክሊኒኩ ልብሴ ላይ፣ ከጭንብሉ ገመድ በታች አደረግኩት። ጠዋት ባጁን ያየ ሁሉ ምን ማለት እንደሚሻል ግራ ገባው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሊታከም መጣ። ወንበሩ ላይ ጋደም ሲል ዓይኑ ባጁ ላይ አረፈ።

«እንኳን ደስ ያለሽ። መቼ ነው የተጋባችሁት?»

«ሠርጉ ሜይ ላይ ነበር» አልኩት። «የተጋባነው ግን ባለፈው ዓርብ ነው።»

ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን መስታወቱን አስገብቼ አፉን አስከፍቼዋለሁ፤ ስለዚህ በዓይኑ ብቻ ሳቀ፣ እኔም ጥርሱን ማጠብ ጀመርኩ።